ወልጄ አላውቅም፤ ታዲያ ፊስቱላው ከየት መጣ?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂዋ 28 ዓመቷ ነው። የጻፈችውን አሳጥሬ ላስቀድመው።

«ዶክተር፣ ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ በኮሎኖስኮፒ (አንጀት ውስጥ በሚገባ ካሜራ) ታይቼ ክሮንስ የሚባል የአንጀት ብግነት አለብሽ ተባልኩ። ለእሱ አዛታዮፕሪን የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ። ተቅማጡ ቀንሶልኝ ነበር። ከአራት ወር ወዲህ ግን ከብልቴ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይወጣል። ሦስት ጊዜ መድኃኒት ተሰጠኝ፤ ይሻለኛል፣ ከዚያ ይመለሳል። ለማንም ያልነገርኩት ነገር ደግሞ አለ። አንዳንዴ በብልቴ በኩል ጋዝ ይወጣል። አንድ ሁለቴ ሰገራ የሚመስል ነገርም አይቻለሁ። የቀኙ የብልቴ ከንፈርም አብጧል፣ ብዙ አያመኝም። ጓደኛዬ ፊስቱላ ነው አለችኝ። እኔ ግን ወልጄ አላውቅም። ከአንጀቴ ጋር ይገናኛል? ሐረር ፊስቱላ ማዕከል ሄጄ ልሰፋ? ካንሰር ይሆን? ልጅስ እወልዳለሁ? ባለቤቴ ዝም ብሏል፤ ምን እንደሚያስብ አላውቅም።»

እህቴ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄሽ ልነሳ። አዎ፣ ከአንጀትሽ ጋር ይገናኛል ብዬ አምናለሁ። ሳልመረምርሽ የመጨረሻውን ቃል መስጠት አልችልም። ግን የጻፍሽው ብዙ ይናገራል። ሽታ ያለው ፈሳሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምክንያቱ ብዙ ነው። ማሳከክም እንደዚያው። በብልት በኩል ደጋግሞ የሚወጣ ጋዝ፣ በተለይ ሰገራ ከተከተለው፣ ሌላ ነገር ነው። በአንጀትና በብልት መካከል መንገድ ተከፍቷል ማለት ነው። በግንኙነት ጊዜ ወይም ስፖርት ስትሠሪ የሚወጣ አየር አለ። እሱ ብዙ ሴት ጋር ያለ ነው፣ ሽታም የለውም። ያንቺ ግን እሱን አይመስልም።

ለማንም ያልነገርሽው ያ ነገር ነው ቁልፉ። አልወቅስሽም። የአንጀት ሐኪሙ ስለ ብልትሽ አልጠየቀሽም። ፈሳሹን ያከመሽ ስለ አንጀትሽ አልጠየቀሽም። አንቺን ደግሞ እፍረት ያዘሽ። በሽታው በመሃል ተደበቀ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የትም ብትሄጂ ሦስት ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገሪ፦ ክሮንስ አለብኝ፣ በብልቴ ጋዝና ሰገራ ይወጣል፣ ወልጄ አላውቅም። ሦስቱ ተነጣጥለው ሲነገሩ እያንዳንዳቸው ተራ ይመስላሉ። አንድ ላይ ሲነገሩ የትኛውም ሐኪም ብዕሩን አስቀምጦ ይሰማሻል።

ጓደኛሽ በቃሉ አልተሳሳተችም። ፊስቱላ ማለት መገናኘት በሌለባቸው ሁለት ክፍሎች መካከል የተከፈተ ቀዳዳ ነው። በአገራችን ግን ቃሉ ከምጥ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ምክንያት አለው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ1974 እ.ኤ.አ. የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም የምናውቀው የወላዷን ፊስቱላ ነው። ምጥ ለቀናት ይጸናል። የልጁ ራስ የእናትየውን ሥጋ በዳሌ አጥንት ላይ ይጫነዋል። ደም አይደርሰውም፤ ይሞታል፤ ይቀደዳል። ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው ከፊኛ ጋር ስለሚገናኝ ሽንት ያንጠባጥባል።

ያንቺ አመጣጥ ሌላ ነው። ክሮንስ የአንጀትን ግድግዳ ከውስጥ እስከ ውጭ ያስቆጣል። ቁስሉ ላይ ላዩን አይቀርም፣ ይጠልቃል። ግድግዳውን ከጨረሰ በኋላ አጠገቡ ያገኘውን ይበሳል። አጠገቡ ሌላ አንጀት ካለ ሁለቱ ይገናኛሉ። ፊኛ ከሆነ ሽንት ከአየር ጋር ይወጣል። ብልት ከሆነ እንዳንቺ ይሆናል። ከፊንጢጣ ከፍ ብሎ ያለውን አንጀት ከብልት የሚለየው ሥጋ ደግሞ በጣም ስስ ነው። ሁለቱ በአንድ ግድግዳ የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው።

ሌላው የአንጀት ብግነት፣ አልሰራቲቭ ኮላይትስ፣ እንዲህ አያደርግም ማለት ይቻላል። እሱ የሚነካው የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን ብቻ ነው። ኮላይትስ ነው የተባለች ሴት ቀዶ ሕክምና ሳይነካት ፊስቱላ ካወጣች፣ እኔ መጀመሪያ የምጠራጠረው የበሽታውን ስም ነው። ክሮንስ ሊሆን ይችላል።

ክሮንስ ካለባቸው 100 ሴቶች እስከ 10 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ይህ ዓይነቱ ፊስቱላ ሊገጥማቸው ይችላል። ክሮንስ ራሱ እኛ ዘንድ ብዙ ስለማይታወቅ ፊስቱላው ይበልጥ ብርቅ ይሆናል። ብርቅ መሆኑ ነው የሚጎዳሽ። ሐኪም የሚያስበው ያየውን ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄሽ ልምጣ። ሐረር ሄጄ ልሰፋ ወይ ብለሻል።

ሂጂ። ግን ለመሰፋት አትሂጂ። ለመታየት ሂጂ። ደንገጎን ወጥተሽ ሐረር ስትደርሺ ፊስቱላ ማየት ሥራቸው የሆኑ ሰዎች ታገኛለሽ። ቀዳዳ የት እንዳለ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ነገር ግን የምጥ ፊስቱላ የሚታከምበት ቅደም ተከተል ላንቺ አይሆንም። የወላዷ ፊስቱላ አደጋው ደርሶ ያለፈ ነው። የሞተው ሥጋ ወድቋል፣ ጠርዙ ጤነኛ ነው፣ ጥሩ እጅ ሲሰፋው ይይዛል። ያንቺ አደጋ አላለፈም። ገና እየሠራ ነው።

ጀጎል ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ቤቶቹ በግድግዳ ተያይዘዋል። የጎረቤትሽ ቧንቧ ውስጥ ለውስጥ ቢፈነዳ ውሃው ባንቺ ግድግዳ በኩል ይወጣል። አንቺ ልስኑን ታሳምሪያለሽ፣ ቀለም ትቀቢያለሽ። ከሳምንት በኋላ ልስኑ ተንሸራትቶ ይወድቃል። ቧንቧው ሳይጠገን እርጥብ ግድግዳ ላይ ልስን አይዝም። የሚከፋው ደግሞ፣ ልስኑ ሲወድቅ ከበታቹ ያለውን ጭቃም ይዞ ነው የሚወርደው። በተቆጣ አንጀት ላይ የተሰፋ ፊስቱላም እንዲሁ ነው። ስፌቱ ይለቃል፣ ቀዳዳው ከበፊቱ ይተልቃል፣ ለሁለተኛው ጥገና የሚሆነው ጤነኛ ሥጋ ይቀንሳል። ስለዚህ ማንም ሰው፣ በጣም ጎበዝ ሐኪምም ቢሆን፣ አንጀትሽን ሳያይ «ነገ እሰፋልሻለሁ» ቢልሽ፣ «ክሮንሴ አሁን ተኝቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ካርታውን መሥራት። በማደንዘዣ ተኝተሽ የማህፀን ሐኪምና ቀዶ ሐኪም አብረው ቢያዩሽ ጥሩ ነው። አንዳንዴ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ስለሚያክል በዓይን አይታይም። ያኔ ብልት ውስጥ ንጹሕ የቁስል ጨርቅ ይደረጋል። በፊንጢጣ በኩል ሰማያዊ ቀለም ይገባል። ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ ቀዳዳ አለ። ከምስል ምርመራዎች መካከል የተሻለው ኤምአርአይ ነው። መንገዱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚታጠፍ፣ የተደበቀ መግል መኖር አለመኖሩን ያሳያል። ኮሎኖስኮፒውም መደገም አለበት። የሁለት ዓመት በፊቱ ውጤት የዛሬውን አንጀትሽን አይነግረንም።

መግል ካለ ቶሎ ይፈሳል። መድኃኒት ብቻውን መግልን አያደርቅም። አንዳንዴ ቀዶ ሐኪሙ በፊስቱላው ውስጥ ለስላሳ ክር አሳልፎ ይተወዋል። ክሩ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሴቶች ረስተውት ነው ብለው ይደነግጣሉ። ሆን ተብሎ ነው፤ ፈሳሹ እንዳይጠራቀም መንገዱን ክፍት ያደርጋል።

ከዚያ አንጀቱን ማስተኛት ነው። ሜትሮኒዳዞልና ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባሉት ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ፈሳሹንና ሽታውን ይቀንሳሉ። ሦስቱም ጊዜ የተሻለሽ በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ባክቴሪያው ቀነሰ፣ ቀዳዳው ግን ባለበት ነው። አዛታዮፕሪንሽ ጥሩ መድኃኒት ነው። ብቻውን ግን ፊስቱላ ለመዝጋት ብዙ ጊዜ አይበቃም። ለፊስቱላ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ኢንፍሊክሲማብ ነው። በደም ሥር ይሰጣል። ዋጋው ከባድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። ይህን የምነግርሽ ላስጨንቅሽ አይደለም። ከአንጀት ሐኪምሽ ጋር ስትነጋገሪ ስሙን አውቀሽ እንድትጠይቂ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ቤትሽ ተርፎ ካለ ግን በራስሽ እንዳትጀምሪው። ፊስቱላን አይዘጋም፣ የተደበቀ መግል ካለም ያባብሰዋል።

ስፌቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከበድ ባለ ጊዜ ሐኪሞች ሰገራው ለተወሰነ ጊዜ በሆድ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ያደርጋሉ፣ ከታች ያለው እንዲያርፍ። የአንዳንዷ ሴት ፊስቱላ በመድኃኒት ብቻ ይዘጋል። የአንዳንዷ አይዘጋም፣ ግን ስለማያስቸግራት ትኖርበታለች። ያም ውድቀት አይደለም።

ስለ እብጠቱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። በእኔ እጅ የተበላሸ ነገር ስላለ ነው።

ወጣት ሐኪም ሳለሁ አንዲት ልጅ የብልቷ ከንፈር አብጦ መጣች። እጢ መግል ይዟል ብዬ በምላጭ ከፈትኩት። መግል አልነበረም። ጠንካራ፣ ውሃ የቋጠረ ሥጋ ነበር። የከፈትኩት ቁስል ለወራት አልድን አለ። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ሆዷን እንደሚያማት፣ እንደከሳች፣ አፏ እንደሚቆስል ነግራኝ ነበር። ሰምቻታለሁ፣ ግን ከእብጠቱ ጋር አላገናኘሁትም። ክሮንስ መሆኑ የታወቀው በኋላ ሌላ ሰው ናሙና ሲወስድ ነው። ያን ቁስል እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ስለዚህ ብዙ የማያም የከንፈር እብጠት ሲመጣ አሁን ቀድሜ የምጠይቀው ስለ ሆድ ነው።

ክሮንስ አንጀት ሳይነካካው ቆዳ ላይ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ከአንጀቱ ርቆ፣ በመሃል ጤነኛ ቆዳ እያለ። የብልት ከንፈር አንዱ ቦታ ነው። በአንድ ወገን ወይም በሁለቱም ያብጣል። ይጠነክራል። አንዳንዴ በእጥፋቱ ውስጥ በቢላ የተሰነጠቀ የሚመስል ቀጭን ቁስል ይታያል። አንጀቱ ጸጥ ባለበት ጊዜም ሊመጣ ይችላል። ይባስ ብሎ ከአንጀቱ ህመም ቀድሞ የሚመጣበት አለ። የሆድ ህመሙ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊከተል ይችላል።

በእኛ አካባቢ ይህን የሚያወሳስብ አንድ ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ 100 ሴቶች 65ቱ ተገርዘዋል። በሶማሌ፣ በሐረሪና በድሬዳዋ ቁጥሩ ከዚያም በላይ ነበር። የተገረዘች ሴት እብጠት ስታወጣ ሁሉም ሰው፣ ራሷም ጭምር፣ «ከግርዛቱ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ጠባሳው ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ያ ከረጢት ግን ክብ ነው፣ ዳር አለው፣ በጣት ይንከባለላል። የክሮንስ እብጠት ዳር የለውም። ከንፈሩ ራሱ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ይወፍራል። ልዩነቱ በጣት ይታወቃል። እርግጡ የሚታወቀው ግን በናሙና ነው። ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

አንዳንድ ሐኪም ደግሞ የአባላዘር በሽታ ነው ብሎ ይጀምራል። ቢመረምርሽ አትቀየሚ። ኤችአይቪም ይታይ፣ ሌላውም ይታይ። እንዲያውም እንዲህ ዓይነት እብጠትና ፊስቱላ የሚያመጣ የአባላዘር በሽታ አለ። እኔ የማልቀበለው ምርመራው ሳይደረግ ወይም ውጤቱ ነጻ ነሽ እያለ፣ በባልሽ ላይ ጥርጣሬ ተጥሎ መድኃኒት ብቻ ሲደጋገም ነው። እንዲህ በከንቱ የተናጋ ትዳር አይቻለሁ።

ስለ ናሙናው አንድ ነገር አጥብቀሽ ያዢ። አገራችን ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። ቲቢም ልክ እንደ ክሮንስ የትንሹን አንጀት መጨረሻ ይወዳል። ቲቢም ፊስቱላ ያወጣል፣ የማህፀን ቱቦንም ይይዛል። በማይክሮስኮፕ ሁለቱም ተመሳሳይ ጉብጉብታ ያሳያሉ። የቲቢው ብዙ ጊዜ መሃሉ እንደ አይብ የሞተ ነው፣ የክሮንሱ አይደለም። ሁልጊዜ ግን እንዲህ ግልጽ አይሆንም። ስለዚህ ከናሙናው የተወሰነው ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራ ይላክ። ደረትሽም ይነሳ። ለምን እንዲህ አጠበቅሁ? ኢንፍሊክሲማብ ተኝቶ የነበረን ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። ቲቢ ያለባት ሴት ክሮንስ ነው ተብላ ይህን መድኃኒት ብትወስድ በሽታው ሰውነቷን ሊያዳርስ ይችላል። ከመጀመሩ በፊት መመርመር ግዴታ ነው። ሐኪምሽ ቲቢው ካልለየለት መጀመሪያ የቲቢ መድኃኒት ለተወሰኑ ወራት ሰጥቶ አንጀቱን እንደገና ሊያየው ይችላል። ይህ ማመንታት አይደለም፣ እዚህ አገር ብልህነት ነው።

ከውስጥ በኩል ስላለው በአጭሩ ልንገርሽ። የትንሹ አንጀት መጨረሻ በቀኝ በኩል ነው ያለው። የቀኙ የእንቁላል ዕጢ (ኦቫሪ) እና የማህፀን ቱቦ አጠገቡ ናቸው። አንዳንዴ፣ በጣም አልፎ አልፎ፣ የአንጀቱ መግል ወደ እነሱ ይሻገራል። በአልትራሳውንድ የማህፀን ቱቦ መግል ይመስላል፣ እንደዚያም ይታከማል፣ ግን አይድንም። ትኩሳት፣ በቀኝ ታችኛው ሆድሽ የማይለቅ ህመም፣ እዚያው እብጠት ካለሽ ሲቲ ስካን ይታሰብ። አንጀት የተነካካ ከሆነ የማህፀን ሐኪም ብቻውን መክፈት የለበትም።

በወር አበባሽ ሰሞን ተቅማጡና ቁርጠቱ ከባሰብሽ አትደናገጪ። ማህፀን የሚያኮማትረው ንጥረ ነገር አንጀትንም ያኮማትራል። ለህመሙ ግን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ተዪ። ከየፋርማሲው በቀላሉ ይገዛሉ፣ አንጀትሽን ግን ሊያስነሱብሽ ይችላሉ። ፓራሲታሞል ይሻልሻል። ልጅ እስክታስቢ መከላከያ ከፈለግሽ ደግሞ ኤስትሮጅን ያለበትን እንክብል ባትመርጪ ይሻላል። አንጀቱ ሲቆጣ ደም በደም ሥር ውስጥ የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል፣ እንክብሉ ደግሞ በላዩ ይጨምርበታል። ክንድ ላይ የሚቀበረው ይሻልሻል።

ካንሰር ይሆን ብለሻል። በአራት ወር ፊስቱላ ላይ፣ ባንቺ ዕድሜ፣ የመጀመሪያ ፍርሃቴ እሱ አይደለም። ካንሰር የሚያሳስበን ለብዙ ዓመታት ሲፈስ በኖረ ፊስቱላ ላይ ነው፤ ያኔም ብርቅ ነው። ሲኖሩበት የነበረ ፊስቱላ በድንገት ጸባዩ ሲለወጥ፣ አዲስ ህመም ወይም ጠጣር ነገር ሲመጣ ናሙና ይወሰዳል። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የማህፀን በርሽ ነው። አዛታዮፕሪን የሰውነትሽን መከላከያ ስለሚያለዝብ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ ቫይረስ ቶሎ ላይለቅሽ ይችላል። በአገራችን የማህፀን በር ምርመራ በዋናነት የሚሰጠው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። አንቺ 30 እስኪሞላሽ አትጠብቂ። ስትመረመሪ የምትወስጂውን መድኃኒት ተናገሪ። (ታናሽ እህት ካለችሽ የኤችፒቪ ክትባቱ አያምልጣት። በመንግሥት መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም ነው።)

አሁን ልጅ። ይህን ጥያቄ በመጨረሻ አካባቢ ብታስቀምጪውም ከሁሉ በላይ የሚያሳስብሽ እሱ መሰለኝ።

ክሮንስ ማህፀንሽን አላጠፋውም። በሽታው በተኛ ጊዜ የማርገዝ ዕድልሽ ከሌሎች ሴቶች ብዙ አይለይም። በተቆጣ ጊዜ ግን ይቀንሳል። በተቆጣ ጊዜ ከተረገዘም ፅንሱ የመውረድ ወይም ያለቀኑ የመወለድ አደጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ አንጀቱ ከተኛ ሦስት እስከ ስድስት ወር ጠብቂ፣ ከዚያ አርግዢ። አዛታዮፕሪንን በእርግዝና ፍርሃት በራስሽ አታቋርጪ። ብዙ ሴት ያቋርጣል፣ በሽታው ይነሳል፣ ልጁን የሚጎዳው የተነሳው በሽታ ነው። መድኃኒት ተቀይሮልሽ ሜቶትሬክሴት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ፅንስን ይጎዳል። ከማርገዝ ቢያንስ ሦስት ወር ቀድሞ በሐኪም ምክር መቆም አለበት። ሰልፋሳላዚን ከሆነ የምትወስጂው የፎሊክ አሲድ መጠን ከፍ ይደረጋል።

ስትወልጂ፣ ፊስቱላው ያኔም ክፍት ከሆነ ወይም ተሰፍቶ ከዳነ፣ በታቀደ ኦፕራሲዮን መውለድ ይሻልሻል። ይህን ከወዲሁ አውቀሽ የእርግዝና ክትትልሽን ሆስፒታል ጀምሪ። «ልጄም ይይዘው ይሆን?» ብለሽ ገና አልጠየቅሽኝም፣ ግን ትጠይቂያለሽ። በዘር የመሄድ ዝንባሌ አለው። ሆኖም አንዱ ወላጅ ብቻ በሽታው ካለበት አብዛኞቹ ልጆች አይያዙም።

እስከ ቀጠሮሽ ድረስ በድሬ ሙቀት እንዴት እንደምትውዪ አስባለሁ። ቀን ሁለቴ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጊና አሥር ደቂቃ ተቀመጪበት። ምንም አትጨምሪበት። ሳሙናም፣ ዴቶልም፣ ሎሚም አይገባም። ወደ ውስጥ አትታጠቢ። የወይባ ጭስም ለጊዜው ይቅርብሽ፤ የቆሰለ ሥጋ ጭስና ሙቀት አይችልም። ቆዳውን ሳትፈትጊ በጨርቅ ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂና ቫዝሊን ወይም የዚንክ ቅባት ቀቢ። ሞዴሱን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ ወይም ሺሻ ካለ አቁሚ። ትምባሆ ክሮንስን እንደሚያባብስ በደንብ የታወቀ ነው። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ፣ ክብደት ማንሳት በሚያስፈልግሽ በዚህ ጊዜ ባይኖር እመርጣለሁ።

ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከመጣ፣ እብጠቱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካደገና ካመመሽ፣ ሆድሽ ተነፍቶ ከላይ የሚያስመልስሽ ከታች ደግሞ ጋዝ የሚከለክልሽ ከሆነ፣ ወይም የወር አበባሽ ቀርቶ ሆድሽን በኃይል ካመመሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያኑ ቀን ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ሂጂ፤ ሐረር ከሆንሽ ሕይወት ፋና። እነዚያን ሦስት ነገሮች በሩ ላይ ተናገሪ።

ባለቤትሽን በተመለከተ። ዝም ያለ ወንድ ሁሉ የሸሸ አይደለም። ብዙዎቹ ምን ማለት እንዳለባቸው ስለማያውቁ ነው ዝም የሚሉት። ሽታውን አውቆታል፣ አንቺን ላለማሳፈር ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል። ወይም አንዱ ሐኪም አባላዘር ሲል ሰምቶ ከራሱ ጋር እየተሟገተ ነው። ክሮንስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ይህን ንገሪው። መግሉ እስኪደርቅና ህመሙ እስኪያልፍ ግንኙነት ማቆየታችሁ ጥሩ ነው። ምክንያቱን ግን ካንቺ አፍ ብቻ እንዳይሰማው። ቀጠሮሽ ቀን ይዘሽው ግቢ። ሐኪሙን ወረቀት ላይ ሥዕል እንዲሥልላችሁ ጠይቂ፦ ይሄ አንጀት፣ ይሄ ብልት፣ ይሄ መሃሉ ያለው ግድግዳ፣ ቀዳዳው እዚህ ነው። እኔ ለብዙ ባልና ሚስት ሥያለሁ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ የሚከተው ብዙ ጊዜ ባልየው ነው።